ቡችላዬ ዳሚውን ያነሳል፣ ግን አያመጣልኝም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የአምስት ወር ወንድ ላብራዶር አለኝ። ለዳክዬ አደን አብሮኝ እንዲወጣ ራሴ ላሰለጥነው እፈልጋለሁ። የመለማመጃ ዳሚውን (በወፍ ፋንታ እየተወረወረ ውሻው እንዲያመጣው የሚለማመድበትን ጥቅል) ስወረውርለት ተፈትልኮ ይሄዳል፣ ያነሳዋል፣ ግን አይመልስልኝም። ይዞት ይዞረኛል፣ ስጠጋው ይሸሻል። በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ድምፁን እንዲለምድ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ይዘኸው ሂድ አለኝ። ለአሰልጣኝ ልስጠው ወይስ ራሴ ልቀጥል?»

ወንድሜ፣ ራስህ ቀጥል። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። እንዲያውም ለአምስት ወር ቡችላ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ አድርገህ ብትከፍለው ይሻላል። ወደ ተኩስ ቦታው ግን እባክህ እንዳትወስደው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር አቁም፦ ሜዳ ላይ መወርወር። ለሁለት ሳምንት እዚያ ምንም አትወርውርለት። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም ከእንዲህ ዓይነት ውሻ ጋር ደስ የሚለው ነገር እሱ ነው። ግን እስቲ እየው። ውሻህ መሄድ ይችላል። ያንን ማንም አላስተማረውም፣ ይዞት ነው የተወለደው። ላብራዶር የመጣው ከኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች ውሾች ነው፤ ከቀዝቃዛ ባሕር ገመድና መረብ እየጎተቱ፣ ያመለጠ ዓሣ እየያዙ የኖሩ ውሾች ናቸው። ወደ ብሪታንያ ከተሻገሩ በኋላ ለአደን እየተመረጡ ተዋለዱ፣ የውሻ ዘሮችን የሚመዘግበው የዚያው አገር ኬኔል ክለብም እ.ኤ.አ. በ1903 ራሱን የቻለ ዘር ብሎ ተቀበላቸው። ሮጦ ማንሳት በደሙ ውስጥ አለ። በደሙ የማያገኘው ሁለት ነገር ነው፦ እስኪፈቀድለት ረግቶ መጠበቅና ያነሳውን እጅህ ላይ ማስረከብ። ያንተ ሥራ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አሁን በቀን ሃያ ጊዜ ስትወረውርለት ግን የሚማረው ተቃራኒውን ነው፦ ነገር ሲወድቅ ወዲያው መሮጥ እንደሚቻል፣ ይዞ መዞርም ጨዋታ እንደሆነ።

ይህን በራሴ ውሻ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዬ ቡችላ ይዞ ሲመጣ ደስታዬን አልችለውም ነበር፣ ስለዚህ ሳልሰለች እወረውርለት ነበር። አሥር ወር ሲሞላው ክንዴ ገና ከፍ ሲል ይፈነጥር ጀመር። ያንን ለማስተው አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሁለተኛው ውሻዬ የዚያን ግማሽ እንኳን አልተወረወረለትም፣ ግን ከእሱ የተሻለ ሆኖ ነው ያደገው።

ሌላ ነገር ከማድረግህ በፊት አፉን ክፈትና እይ። አምስት ወር ጥርስ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶች እየወለቁ 42ቱ የአዋቂ ጥርሶች እየወጡ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚያልቀው ስድስት ወይም ሰባት ወር ሲሞላው ነው። ድዱ ቀልቶ፣ ዳሚው ላይ የደም ነጠብጣብ ካየህ፣ ውሻው ዳሚውን መንገድ ላይ የሚጥለው እምቢተኛ ስለሆነ አይደለም። አሞት ነው። በዚህ ወቅት አጥብቆ እንዲይዝ የምታስገድደው ውሻ ዳሚን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል። ለስላሳ ነገር ስጠው፣ ለምሳሌ ተጠቅልሎ የታሰረ ካልሲ፣ እሱንም በጣም ጥቂት ጊዜ።

አሁን ወደ ሽሽቱ። እስቲ ነገሩን በእሱ ዓይን አስበው። ድንቅ ነገር አገኘ። በኩራት ይዞልህ መጣ። ገና ከመድረሱ እጅህ ተዘርግቶ ከአፉ ነጠቀው። ይህ አምስት ጊዜ ከተደጋገመ በስድስተኛው ለምን ይመጣል? አንተ ስትከተለው ደግሞ አባሮሽ ይሆንለታል፤ አባሮሽን የማይወድ ቡችላ የለም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ዳሚ ይዞ ያለን ውሻ በፍጹም አታሳድድ። እሱ ሲሸሽ አንተም በተቃራኒው ሂድ። ጀርባህን ሰጥተህ ሩጥ፣ በደስታ ድምፅ ጥራው፣ ከዚያ ቁጢጥ በል። ብዙዎቹ ተከትለው ይመጣሉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚሸሽበትን ቦታ ማጥፋት ነው። ጠባብ ኮሪደር ፈልግ። በሮቹን ሁሉ ዝጋ። አንተ መውጫው ባለበት በኩል መሬት ላይ ተቀመጥ፣ እግርህን ዘርጋ። ካልሲውን ሦስት ሜትር ያህል ወርውርለት። ይሄዳል፣ ያነሳል፣ ዞር ሲል ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወዳንተ። አሁን የሚመጣው ቅጽበት ከሥልጠናው ሁሉ ትልቁ ነው፣ ስለዚህ አትቸኩል። ሲደርስ ካልሲውን አትንካው። አትየውም። እጅህ ወደ ደረቱ ይሂድ፣ ከዚያ ወደ አንገቱ፣ ከዚያ ከጆሮው ሥር። ዳሚውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አመስግነው። መጀመሪያ ላይ ሰውነቱ ተወጥሮ፣ ዓይኑ በጎን እጅህን ሲከታተል ታያለህ፤ አሁን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ብለህ ስታሻሸው ትከሻው ሲላላ በመዳፍህ ይሰማሃል። ጭራውም ዝቅ ብሎ በዝግታ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ አንድ እጅህን ከአገጩ ሥር አድርግ፣ በሌላው ያዘውና «ስጠኝ» በል። ካልለቀቀ አትጎትት፤ ወደ አፉ ውስጥ ትንሽ ገፋ አድርገው፣ ይለቅልሃል። መጎተት የመጓተት ጨዋታ ያስተምራል፣ ያ ጨዋታ ደግሞ አጥብቆ መንከስን። ከተቀበልከው በኋላ አንዳንድ ጊዜ መልሰህ ስጠው። እውነቴን ነው፣ መልሰህ ስጠውና እንደገና ያምጣልህ። አንተ ነጣቂ እንዳልሆንክ የሚያምነው እንዲህ ሲያይ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ካደረግክ ጨርስ። ገና «አንድ ጊዜ ድገመኝ» እያለ በዓይኑ ሲለምንህ ጨርስ። ሲሰለቸው ያቆመ ውሻ ነገም ከመሰልቸት ይጀምራል።

አንዳንዶች ዳሚውን በምግብ ቀይረው ይወስዳሉ። ለቤት ውሻ ግድ የለም። ለአደን ውሻ ግን እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱም ጉርሻ የለመደ ውሻ ሁለት ሜትር ሲቀረው ዳሚውን ይጥልና አፉን ከፍቶ ይመጣል። በዳሚ ምንም ላይመስልህ ይችላል፤ ያልሞተ ዳክዬ እንዲያ ከጣለ ግን ዳክዬው ተነስቶ ይሄዳል። ጉርሻን ለመቀመጥ፣ ለመምጣት፣ አጠገብህ ለመሄድ ተጠቀምበት፤ እዚያ ድንቅ ይሠራል። ጆሮ ቆንጥጦ ዳሚ የማስያዝ አሮጌ ዘዴም አለ። እኔ አላደርገውም፣ ለማንም አልመክርም። በፍላጎቱ የሚይዝን ውሻ ለማሰልጠን ሕመም አያስፈልግም።

ኮሪደሩ ውስጥ ከተስተካከለ ወደ ውጭ ስትወጣ ቀጭንና ቀላል ገመድ፣ አሥር ሜትር ያህል፣ የአንገት ማሰሪያው ላይ አስረህ መሬት ለመሬት እንዲጎተት ተወው። እንዳትጎትተው። ሊያመልጥ ሲል ጫፉን ረግጠህ ለማስቆም ብቻ ነው።

ረግቶ መጠበቅን ጎን ለጎን ጀምር። ማሰሪያው ላይ እንዳለ ከጎንህ ተቀመጥ በለው፣ ዳሚውን ወርውር፣ ከዚያ ራስህ ሄደህ አንሳው። አዎ፣ አንተ። እሱ ቁጭ ብሎ ይመልከትህ። ከአሥር ውርወራ ስድስት ሰባቱን አንተ ብታነሳ ጥሩ ነው፤ የወደቀ ነገር ሁሉ የእሱ እንዳልሆነ የሚገባው እንዲህ ነው። በተራው ስትልከው ስሙን ጥራና ልቀቀው። ስሙ የመሄጃ ፈቃድ ይሁን። ከጊዜ በኋላ ሁለት ውሾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተጠራው ብቻ የሚሄደው በዚህ ነው። ደግሞም ስትልከው እንዲረጋ ጊዜ ስጠው፦ ዳሚው ከወደቀ በኋላ በልብህ እስከ አምስት ቁጠር፣ ከዚያ ላክ። ነገ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከጎናችሁ ሲቆም፣ ያለ ፈቃድ የሚፈነጥር ውሻ ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው።

ፊሽካ አሁኑኑ ግዛ። እኔ የምጠቀመው አክሜ የሚባለው ፊሽካ ሠሪ የሚያወጣውን ቁጥር 210½ ነው፤ ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቢጠፋብህ ያንኑ ቁጥር ገዝተህ ትቀጥላለህ፣ ውሻው ልዩነት አይሰማውም። አንድ ረዘም ያለ ድምፅ «ቁጭ በል፣ ወደ እኔ ተመልከት» ነው። ተከታታይ አጫጭር ድምፆች «ና» ናቸው። መጀመሪያ በምግብ ሰዓት አስተምረው፦ ሳህኑን ከፍ አድርገህ አንዱን ረጅም ንፋ፣ ሲቀመጥ ሳህኑን አውርድለት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊሽካው ከአፍህ ሳይወጣ ቂጡ መሬት ይነካል። ያቺ አንዲት ድምፅ ነገ ሰማንያ ሜትር ርቆ ሲሄድ የምታቆምልህ መሪ ናት፤ እሷ ከሌለች ግራና ቀኝ በእጅ መምራት የሚባል ነገር የለም።

አሁን ስለ ተኩስ። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ይህ ምክር ስንት ጥሩ ውሻ አበላሽቷል። ተኩስ የሚፈራ ውሻ አልፎ አልፎ ብቻ ነው እንደዚያ ሆኖ የሚወለደው፤ አብዛኛውን የምንሠራው እኛ ነን። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ቡችላው የሚያየው ምንም ነገር የለም። የወደቀ ወፍ የለም፣ የሚሮጥበት የለም፣ መሸሻ የለም፣ ድምፁ ግን ደጋግሞ ጆሮው ላይ ይፈነዳል። አንዴ አንዲት የዓመት ተኩል ቢጫ ሴት ላብራዶር አምጥተውልኝ ነበር። የጠመንጃው ከረጢት ዚፕ ሲከፈት፣ የዚፑ ድምፅ ብቻ፣ መኪና ሥር ገብታ ትንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቷም የሰማው ምክር ይኸው ያንተ ጓደኛ የሰጠህ ነበር። ብዙ ወራት ሠራንባት። ዳሚ ማምጣት በደስታ ተመለሰላት፣ አደን ግን ወጥታ አታውቅም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ውሻህ ማምጣት በጣም ሲወድ፣ ሰባት ስምንት ወር አካባቢ፣ አንድ ሰው ባዶ ጥይት የሚተኩስ ትንሽ ሽጉጥ ይዞ ከ100 እስከ 150 ሜትር ርቆ ይቁም፣ አፈሙዙም ከእናንተ ተቃራኒ ይሁን። ውሻህ ወደ ዳሚው በሙሉ ልቡ እየሮጠ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩስ። አንተ ውሻውን እይ። ጆሮውን አንስቶ ካየና ሩጫውን ከቀጠለ ጥሩ ነው፣ ለዚያ ቀን ይበቃል። ቆሞ ወዳንተ ከተመለሰ ወይም ጭራው ከገባ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነህ ጨዋታውን ቀጥል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ርቀቱን በእጥፍ ጨምር። አታባብለው፣ አትቆጣውም። ርቀቱን በሳምንታት ውስጥ እየቀነስክ ና። ሽጉጡን ሳይጨነቅ ሲቀበል ወደ ጠመንጃ፣ እንደገና ከሩቅ። በመጨረሻ ተኩስ ለእሱ ትርጉሙ «ወደ ሰማይ ተመልከት፣ የሆነ ነገር ሊወድቅ ነው» ይሆናል። ያኔ ድምፁን ይወደዋል።

ስለ ዳሚው ቀለም ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ውሻ ሰማያዊና ቢጫን ይለያል፣ ቀይና ብርቱካናማን ግን ከአረንጓዴ ሣር መለየት ያቅተዋል። ያ ላንተ የሚያበራ ብርቱካናማ ዳሚ ለእሱ ከሣሩ ጋር አንድ ነው። ሲወድቅ ዓይቶ ቦታውን እንዲያስታውስ ከፈለግክ ነጭ፣ ወይም ጥቁርና ነጭ ዳሚ ይሁን፤ በብርሃንም በጨለማ ዳራም ይታያል። ብርቱካናማው የሚጠቅመው በኋላ፣ ያላየውን ነገር አንተ እየመራኸው በአፍንጫው እንዲያገኝ ስትፈልግ ነው። ነፋሱንም አስብ። ዳሚው ካለበት ወደ ውሻው ሲነፍስ ያግዘዋል፣ ለጀማሪ እንዲህ አድርግለት።

ወደ ውሃ ማስገባቱ ቀላል ነው፣ ሰው ነው የሚያከብደው። ሞቃት ቀን፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ፣ አንተም ጫማህን አውልቀህ ቀድመህ ግባ። በፍጹም አትወርውረው። እግሩ መሬት እየነካ ይጫወት፣ መዋኘቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ከዚያ አንድ የተለመደ ችግር ይገጥምሃል፦ ዳሚውን ይዞ ከውሃ ይወጣል፣ ዳርቻው ላይ ይጥለዋል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ከዚያ ያነሳል ወይም ይረሳዋል። መፍትሔው አንተ ውሃው ጫፍ ላይ መቆምህ ነው፤ እግርህ ውሃ ይንካ። ገና ሳያራግፍ ተቀበለው፣ ከዚያ «አራግፍ» በለው። በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየራቅክ ሂድ። ትረጥባለህ፣ ግን ይሠራል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን አስመሳይ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ደግሞ መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ በትንህ በመካከላቸው አብራችሁ ተመላለሱ፣ ሊያነሳቸው ሲሞክር «ተው» በል። ይህን ካላደረግክ የመጀመሪያው የአደን ቀን ፕላስቲኩን ከነገመዱ ጎትቶ ያመጣልሃል።

ወፍን በደረጃ አስተዋውቀው። መጀመሪያ ዳሚው ላይ የታሰረ ክንፍ፣ ከዚያ ሞታ የቀዘቀዘች ርግብ። የርግብ ላባ ቶሎ ስለሚነቀል አፉ ውስጥ ሲጣበቅበት የሚተፋት ውሻ ብዙ ነው፤ ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ውስጥ ከትተህ ብትጀምር ይቀለዋል። የቆሰለና የሚንፈራገጥ ወፍ ለጀማሪ አትስጥ። አንድ ጊዜ ከተቧጨረ ወይም ከተነከሰ፣ ሌላ ጊዜ እንዳይንቀሳቀስ አስቀድሞ ማድቀቅ ይማራል፤ ይህ ልማድ ከመጣ መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። አፉ ለስላሳ መሆኑን ለማወቅ ያመጣውን ወፍ ጎድን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘህ ዳስስ። ሁለቱም ጎን ከደቀቀ ሥራው የጥርስ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሲወድቅ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ውሻውን አትውቀስ።

ስለ ጤናው ባጭሩ፦ አጥንቱ ማደጉን ሳይጨርስ፣ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል እስኪሆነው ድረስ፣ ከፍ ካለ ነገር አታዘልለው፣ ረጅም ርቀትም አታሩጠው። ዳሌውን በራጅ የምታሳይበት ጊዜ ይመጣል። በዚህ ዘር ውስጥ ከብርቱ ሩጫ በኋላ የኋላ እግሮች ድንገት የሚከዱበት በዘር የሚተላለፍ ችግርም አለ፣ በዘረመል ምርመራ ይታወቃል፤ ውሻህ እንዲያ ከሆነ ወዲያው አቁመህ አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ሐኪም ጋር ውሰደው።

የመጀመሪያው የአደን ቀን ዓመት ሳይሞላው አይሁን፣ ከዚያ ቢዘገይም ግድ የለም። የዚያን ቀን ጠመንጃህን ቤት ተወው። ጓደኛህ ይተኩስ፣ አንተ ውሻህን ብቻ ያዝ። ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ልሥራ ሲል ዓይኑ ወፏ ላይ ሲሆን ውሻው አምልጦ ሄዷል። አንድ ወይም ሁለት ቀላል፣ ግልጽ ቦታ የወደቀና በደንብ የሞተ ወፍ ያምጣ። ሌላውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይመልከት። ከዚያ አድርቀኸው ወደ ቤት።

አሰልጣኝ የሚያስፈልግህ በሁለት ነገር ነው። ዳሚ ይዞ ስትጠጋው የሚያጉረመርምና ጥርስ የሚያሳይ ከሆነ፣ ወይም ተኩስ ፈርቶ ከነበረ። ያኔም ውሻውን አስረክበህ አትመለስ። አብረህ ቁም፣ እያየህ ተማር፣ ምክንያቱም ወደ ሜዳ የሚወጣው ካንተ ጋር ነው። በጻፍከው ላይ ግን ማጉረምረም የለም፤ ይዞ የሚዞር ደስተኛ ቡችላ ነው ያለህ። ዛሬ ማታ የኮሪደሩን በሮች ዝጋ፣ አንድ ካልሲ ጠቅልል፣ መሬት ላይ ተቀመጥ። ይዞልህ ሲመጣ እጅህን ወደ ደረቱ።